ፍጥሞ ደሴት (ግሪክ) ለመሄድ ለምታስቡ፦ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ

ሕሊና ከስቶክሆልም

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ፍጥሞ የሚነሳው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው። «በመርከብ ጉብኝት ስናልፍ ሦስት አራት ሰዓት እናገኛለን፣ ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን ዋሻ አይተን እንመለሳለን፣ ይበቃል ወይ?» የኔ መልስ አይበቃም ነው። እናቴን ይዤ ሄጄ ነው የምጽፈው፣ ረዘም ቢል ታገሱኝ።

ወንጌላዊው ዮሐንስ በንጉሡ በድምጥያኖስ ዘመን ተግዞ ራእዩን ያየባት ደሴት መሆኗን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ግሪኮቹ ፓትሞስ ይሏታል። የቱርክ ጠረፍ አቅራቢያ፣ ዶዴካኔዝ ከሚባሉት ደሴቶች አንዷ ናት። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነዋሪዋ ደግሞ 3,000 ቢሆን ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። እኔ ያተረፋት ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ላይ ያለው ግፊያ እዚህ የለም።

ለምን እደሩ እንደምል ላስረዳ። ትልልቆቹ የጉብኝት መርከቦች ጠዋት ስካላ ወደብ ሲደርሱ አውቶቡሶች ተደርድረው ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ሕዝቡ በሙሉ ባንዴ ወደ ዋሻው ይነዳል። ዋሻው ደግሞ ጠባብ ነው። አስጎብኚው በአራት ቋንቋ እየተናገረ፣ ከኋላ ሰው እየገፋ፣ እንዴት ብላችሁ ነው የምትጸልዩት? ደሴቷ ላይ ካደራችሁ ግን በር ሲከፈት ትደርሳላችሁ። እኛ ስንገባ አንድ አባትና ሁለት አሮጊቶች ብቻ ነበሩ።

ዋሻው ከስካላ ተራራው ላይ ወዳለችው መንደር ወደ ኾራ በሚወጣው መንገድ አጋማሽ ላይ ነው። ደረጃ ወርዳችሁ ነው የምትገቡት። የቅድስት ሐና ጸሎት ቤት ከዓለቱ ጋር ተያይዞ ተሠርቷል፣ ግራው ግንብ ቀኙ ዓለት ነው። የዓለቱ ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው፣ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፣ የሥላሴ ምሳሌ ነው ይላሉ። ወደ ወለሉ ቀረብ ብላ በብር የተከበበች ጎድጓዳ ቦታ አለች፣ ዮሐንስ ራሱን ያሳርፍባት የነበረች ናት ይላሉ። ከሷ ከፍ ብላ ደግሞ ሲነሳ እጁን የሚይዝባት ሌላ ትንሽ ጎድጓዳ አለች። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ እየሰማ የጻፈበት ነው የሚባል ዝርግ ዓለትም ያሳዩዋችኋል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ግንባሯን ዓለቱ ላይ አድርጋ ቆየች። ማንም አላጣደፋትም። ይኼን ነው በሦስት ሰዓት የማታገኙት። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ አትሞክሩ።

የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ኾራ ላይ ነው፣ ተራራው አናት። ክሪስቶዱሎስ የተባለ መነኩሴ በ1088 እ.ኤ.አ. ከቢዛንታይኑ ንጉሥ ከአሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ደሴቷን በስጦታ ተቀብሎ ነው የመሠረተው። ከሩቅ ስታዩት ግራጫ ምሽግ ነው። የባሕር ወንበዴ ስለነበር ግንቡን አጠንክረው ሠሩት፣ ከበሩ በላይ ወራሪ ላይ የፈላ ነገር የሚያፈሱበት ቀዳዳ ዛሬም አለ። ውስጥ ገብታችሁ በእመቤታችን ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ሳታዩ እንዳትወጡ። አብርሃም ሦስቱን እንግዶች ሲያስተናግድ ነው። እኛ አገር በየቤተ ክርስቲያኑ እያየን ያደግነው ታሪክ ስለሆነ እናቴ ጽሑፉን ማንበብ ሳያስፈልጋት ገባት።

ዕቃ ቤቱ ደግሞ ሙዚየም ሆኗል። ንጉሡ ደሴቷን የሰጠበት የ1088ቱ ደብዳቤ እዚያ ነው። ከ6ኛው ክፍለ ዘመን የማርቆስ ወንጌልም ገዳሙ 33 ቅጠል አለው፣ ሐምራዊ በተነከረ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ ነው። የኛን ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ፣ የአባ ገሪማን ወንጌል የሚያውቅ ሰው እዚያ ጋ ቶሎ አይነሳም።

ስለ ባሕሩና ስለ ሌሎቹ መንደሮች ከጠየቃችሁኝ እቀጥላለሁ።

ዳዊት ሚኒሶታ

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ግን በአንድ ነገር አልስማማም። እኛ በመርከብ ነው የሄድነው፣ ሁለት ልጆች ይዘን። ለኛ አራት ሰዓት በቂ ነበር። ልጆች ይዘህ ገዳም ውስጥ ስንት ሰዓት ትቆያለህ? ሁሉም ሰው ሌሊት የማደር አቅም የለውም፣ አንዳንዱ ያለው ፈቃድ አንድ ሳምንት ነው፣ በዚያ አንድ ሳምንት አቴንስንም ቆሮንቶስንም ማየት ይፈልጋል። «አይበቃም» ብለን ሰው እንዳይሄድ ባናደርግ ይሻላል። ዋሻውን በግፊያም ቢሆን ማየት ካለማየት ይሻላል።

አሁን ግን በሚቀጥለው ክረምት ልንደግመው አስበናል፣ ለብቻችን። ለልጆች የሚሆን ባሕር የቱ ነው? ትንሹ ገና ዋና አይችልም።

ሕሊና ከስቶክሆልም

ዳዊት ልክ ነህ፣ ሌላ አማራጭ ለሌለው ሰው አትሂድ አልልም። እኔ የምለው ምርጫ ላለው ነው። ብዙ ሰው የሚያድርበት ሳያጣ፣ ደሴቷ ላይ ከዋሻው ሌላ ምንም የለም ብሎ ስለሚያስብ ብቻ ያልፋታል። ያ ነው የሚያናድደኝ።

ለልጆችህ ካምቦስ። ከስካላ በስተሰሜን ነው፣ አውቶቡስ አለው። ውኃው ረጅም መንገድ ድረስ ጉልበት አያልፍም፣ ጥላና ወንበር ይከራያል፣ ምግብ ቤቶቹ እዚያው ዳር ናቸው። ብቸኛው ችግር ነሐሴ ላይ መጨናነቁ ነው። ያኔ ወደ አግሪዮሊቫዲ ውረዱ፣ በስካላና በካምቦስ መሐል ነው፣ ነፋስም ብዙ አይደርስበትም። ሜሎይ ደግሞ ከስካላ በእግር ይደረሳል፣ ዛፍ አለ፣ እናቶች ጥላ ሥር ቁጭ ይላሉ።

የኔን ልብ የወሰደው ግን ፕሲሊ አሞስ ነው። ደቡብ ጫፍ ላይ ነው፣ መኪና አይገባበትም። ወይ ጠዋት ከስካላ በሚነሳው ትንሽ ጀልባ ትሄዳላችሁ፣ ወይ አስፋልቱ ካበቃበት ግማሽ ሰዓት ገደማ በእግር ትሄዳላችሁ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፣ ነጠላ ጫማ አያዋጣም። ስትደርሱ ጥሩ አሸዋ፣ ከኋላ ዛፎች፣ አንዲት ምግብ ቤት፣ በቃ። ፍየሎቹ ከተራራው ወርደው በሰዎቹ መሐል ይዞራሉ። አንዲቱ ጎረቤታችን የነበሩትን ፈረንሳውያን ዳቦ ከቦርሳ አውጥታ በላችባቸው። ዕቃችሁን ዝጉ። የመመለሻውን ጀልባ ሰዓትም ስትወርዱ ጠይቁ፣ እሱ ካመለጠ በእግር ነው።

ላምቢ ሰሜን ነው። አሸዋ የለውም፣ ጠጠር ነው። ግን ምን ዓይነት ጠጠር! ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ነጭ መስመር ያለበት። ደርቆ ስታየው ተራ ድንጋይ ነው፣ ማዕበሉ መጥቶ ሲያርሰው ቀለሙ ይወጣል። ልጆቹ ኪሳቸውን መሙላታቸው አይቀርም፣ ከመነሳታችሁ በፊት አስመልሱ። ከባሕር ዳር ጠጠር መውሰድ ግሪክ ውስጥ በሕግ የተከለከለ ነው።

ግሪኮስን አልረሳም። ጸጥ ያለች የባሕር ወሽመጥ ናት፣ ከፊት ለፊቷ ትንሽ ደሴት አለች፣ ነፋሱን የምትከለክልላት ትመስላለች። ከዚያ ትንሽ አለፍ ሲል ፔትራ የሚባል ባሕር ዳር ላይ በቀጭን መሬት ከደሴቷ ጋር የተያያዘ ትልቅ ዓለት አለ። ካሊካትሱ ይሉታል። ዓለቱ በሰው እጅ ተፈልፍሏል፣ ደረጃ አለው፣ መቀመጫ የመሰሉ ጎድጓዳዎች አሉት፣ የውኃ መውረጃ አለው። መናንያን ይኖሩበት ነበር ይላሉ። ላሊበላን ያየ ሰው ፍልፍል ድንጋይ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም መቼም፣ እኔ አንድ ከሰዓት በኋላ እሱ ላይ ነው ያለቀው።

ወለተ ሚካኤል

እንደምን ሰነበታችሁ። ሕሊና እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ እናትሽን እንኳን ለዚህ አበቃቸው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ አለባበስ እንዴት ነው? ነጠላ ለብሰን ብንሄድ ሰው አያፈጥብንም ወይ? ሁለተኛ እነሱ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኛም ኦርቶዶክስ ነን። ቅዳሴ ላይ መቆም፣ መቁረብ ይቻላል? እንዲያው ሌላው ሁሉ ቀርቶ ምግቡስ፣ በፍልሰታ ብንሄድ የጾም ይገኛል?

ሕሊና ከስቶክሆልም

ነጠላ ለብሳችሁ ሂዱ እህቴ፣ ምንም አይሉም። እናቴን አሮጊቶቹ ነጠላውን እየነካኩ «የት አገር ነው?» ሲሏት ነበር። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፣ ወንዶችም በቁምጣ አይገቡም። ያልተዘጋጀ ሰው በሩ ላይ የሚያገለድመው ጨርቅ ይሰጡታል። ጫማ ግን አያስወልቁም። እናቴ አልቻለችም፣ አወለቀች፣ የዋሻው አባት አይተው ፈገግ ብለው በአክብሮት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

ቁርባኑን የሚያውቅ ሰው ይመልስ።

ዲያቆኑ ከአቴንስ

እኔ ልመልስ። አቴንስ ስኖር ቆይቻለሁ፣ ፍጥሞም ሄጃለሁ። መቁረብ አይቻልም። እኛ ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከአርመን፣ ከሕንድና ከኤርትራ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ነው አንድነታችን። ከግሪኮቹ ጋር ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ ተለያይተናል፣ የፍጥሞ ገዳም ደግሞ በቀጥታ በቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ሥር ነው። ለመቁረብ ተሰልፋችሁ ካህኑን አታስቸግሩ፣ ራሳችሁም አትጨነቁ። መቆም፣ መጸለይ፣ ጧፍ ማብራት፣ ሥዕሉን መሳለም ይቻላል፣ በደስታ ነው የሚቀበሉዋችሁ።

ፍልሰታን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነሱ ከኦገስት 1 እስከ 14 ጾመው በ15 ያከብራሉ። የኛ ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ላይ ነው የሚገባው፣ በዓሉም ነሐሴ 16 ኦገስት 22 ነው። ስለዚህ እነሱ ፈስከው በግ ሲጠብሱ እናንተ ገና ጾም ላይ ናችሁ። ግን ምግብ አታጡም። «ኒስቲሲሞ» ብላችሁ ጠይቁ፣ የጾም ማለታችሁ እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። ከሽምብራ የሚጠበስ ቂጣ መሳይ አላቸው፣ ትልልቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም፣ በዘይት የተቀቀለ ጎመን። ፋቫ የሚሉት ደግሞ ቁርጥ አልጫ ክክ ነው፣ ላዩ ላይ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ያደርጉበታል። ኦክቶፐስና ካላማሪ በጾም ይበላሉ፣ ደም የለውም በሚል ነው፣ እና የጾም ነው ብለው ቢያቀርቡላችሁ አትደንግጡ፣ በእነሱ ሥርዓት ነው።

ሮቤል ዱባይ

የመንገዱን ነገር ንገሩን። እኔ ዱባይ ነው የምኖረው፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ቪዛ እንዴት ነው? አውሮፕላን ከሌለ በምን ይደረሳል?

ዲያቆኑ ከአቴንስ

ሮቤል፣ የሸንገን ቪዛ ነው የሚያስፈልግህ፣ ግሪክን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ቪዛ ነው። የምታመለክተው በምትኖርበት አገር ለግሪክ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃድህ ከጉዞው በኋላም የሚቆይ ይሁን። ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። ከጉዞው 15 ቀን በፊት ያላስገባኸው አይሆንም፣ በአውሮፓ የበጋ ወራት (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ቀጠሮ ስለሚጠፋ ቀደም በል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል። የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ፣ የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት የያዛችሁ ለአጭር ጉብኝት ይኼ አይመለከታችሁም።

ከአቴንስ ፒሬዎስ ወደብ ትልቁን መርከብ ትይዛለህ። እንደ መርከቡ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይወስዳል፣ በየቀኑ ላይኖር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ስካላ የሚደርሰው በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አምስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ነው። ይኼ ሰው ያስፈራል፣ ግን ችግር የለውም። ለምታርፍበት ቤት የመርከቡን ስም ከነገርካቸው ወደቡ ድረስ መጥተው ይወስዱሃል፣ እዚያ ለምደውታል። ፒሬዎስ ግን ሰፊ ነው፣ አንዱ በር ከሌላው ሩቅ ነው፣ ትኬትህ ላይ ያለውን በር አይተህ ሂድ እንጂ ሜትሮው ባወረደህ ቦታ መርከቡን አትፈልግ። ትኬቱ ላይ ስምህ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን። የኛ ስም ለእነሱ ግራ ነው፣ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ነው የሚያስገቡት።

ሌሊት መድረስ ካልፈለግህ ወደ ኮስ ወይም ሌሮስ ወይም ሳሞስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በፈጣን ጀልባ። ከሌሮስ አንድ ሰዓት አይሞላም።

አሁን ይኼን በደንብ አንብቡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሜልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ አለ። ቀን ፀሐይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ነፋሱ ግን ቀናት ሙሉ አይቆምም። ሲጠነክር የወደቡ ባለሥልጣናት መርከብ እንዳይነሳ ይከለክላሉ፣ መጀመሪያ የሚቀሩት ፈጣኖቹ ጀልባዎች ናቸው። ስለዚህ ከደሴቷ ወጥታችሁ በዚያው ቀን ወደ አገራችሁ የምትበሩበትን ትኬት አትቁረጡ። አቴንስ አንድ ሌሊት አስገቡበት። ሰው እያለቀሰ ወደብ ላይ ሲቀመጥ ስላየሁ ነው።

ጋሽ ታዬ

ልጆቼ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። እኔ የታሪክ ነገር ልጨምር። ስካላ ወደብ ላይ ስትወርዱ ቅስት ያለው፣ ከአካባቢው ነጭ ቤቶች የተለየ የመንግሥት ሕንፃ ታያላችሁ። የጣልያን ሥራ ነው። ጣልያን እነዚህን ደሴቶች ከቱርክ የወሰደችው በ1912 እ.ኤ.አ. በሊቢያው ጦርነት ጊዜ ነው። ከግሪክ ጋር የተቀላቀሉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 ነው። እኛ ከ1936 እስከ 1941 ስንዋጋ እነሱም በዚያው ፋሽስት መንግሥት ሥር ነበሩ፣ ቋንቋቸውን ከትምህርት ቤት እስኪያስወጣባቸው ድረስ። አንድ ሽማግሌ ቡና ቤት አግኝቼ ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው «ሙሶሊኒ!» ብለው እጃቸውን አወናጨፉ፣ ቡናዬንም አስከፍለው አልለቀቁኝም፣ ራሳቸው ከፈሉ።

ከዋሻው አጠገብ ደግሞ በ1713 የተመሠረተ የፓትሞስ ትምህርት ቤት አለ። በቱርክ ዘመን ስንቱን የግሪክ ምሁር ያወጣ ነው። ሰዉ ዋሻውን አይቶ በሩን ሳያይ ያልፋል።

ሕሊና ከስቶክሆልም

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይኼን አላወቅሁም ነበር። ሕንፃውን አይቼዋለሁ፣ የሕዳሴ ዘመን መስሎኝ ነው ያለፍኩት።

ማርታ ለንደን

እኔ በሕማማት ነው የሄድኩት፣ ስለሱ ማንም አልጻፈም። የኛና የግሪኮቹ ፋሲካ አንድ ቀን ነው የሚውለው፣ ይኼን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። በጸሎተ ሐሙስ ኾራ አደባባይ ላይ መድረክ ተሠርቶ አበምኔቱ የአሥራ ሁለት መነኮሳትን እግር ያጥባሉ። ወንጌሉ ይነበባል፣ አበምኔቱ ልብሳቸውን አውልቀው በፎጣ ታጥቀው ጎንበስ ይላሉ። ጴጥሮስን ሆኖ የተቀመጠው መነኩሴ «የኔን እግር አታጥብም» ብሎ ይከራከራል። ሕፅበተ እግር እያየን ያደግን ሰዎች ነን፣ እና እዚያ ቆሜ ለምን እንደዚያ እንዳለቀስኩ አላውቅም። ሰዉ በረንዳና ጣሪያ ላይ ሳይቀር ወጥቶ ነው የሚያየው።

ቅዳሜ ሌሊት ሻማው ከአንዱ ወደ ሌላው ይለኮሳል፣ ርችት ይተኮሳል። ከዚያ ቤት ገብተው ቀይ እንቁላል ያጋጫሉ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት እኔንም ጠርተው አስቀመጡኝ። ሁለት ወር ጾሜ እንደመጣሁ ስነግራቸው «እኛ አርባ ስምንት ቀን ጾመን ደክመናል፣ አንቺ ሃምሳ አምስት!» ብለው ለባላቸው ተረኩላቸው።

ማረፊያ ግን ለሕማማት ከብዙ ወራት በፊት ካልያዛችሁ አታገኙም፣ ብታገኙም እጅ አይቀመስም። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ባሕሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ለመዋኘት የምትሄዱ መስከረምን ምረጡ።

ኦሪት ከነታንያ

ሻሎም ሰላም። እኔ ክርስቲያን አይደለሁም፣ ቤተ እስራኤል ነኝ። የግሪክ ደሴት የምሄደው ለመንደሮቹና ለእግር ጉዞው ነው። ከዚህ በፊት ሮድስና ኮስ ሄጃለሁ፣ ጭፈራ ቤቱ በዝቶብኛል። ፍጥሞ ጸጥታ አለ ወይ? ዋሻና ገዳም የማያይ ሰው እዚያ ምን ያደርጋል?

ሕሊና ከስቶክሆልም

ኦሪት፣ ላንቺ የተሠራች ደሴት ናት። ጭፈራ ብሎ ነገር ስካላ ውስጥ ጥቂት መጠጥ ቤት ነው፣ ከዚያ ውጪ ማታ የምትሰሚው ሰው ሲያወራ ነው።

ኾራን ለገዳሙ ብቻ አትቁጠሪያት። መንደሯ በሙሉ ከገዳሙና ከዋሻው ጋር ከ1999 ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግባለች። መንገዶቿ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ናቸው፣ ይጠማዘዛሉ፣ ከቅስት ሥር ያልፋሉ። ወንበዴው ቢገባ እንዲጠፋበት ነው እንዲህ የሠሩት ይላሉ። ግድግዳው ሁሉ ነጭ፣ የመስኮቱ ዳር ቡናማ ድንጋይ። ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ሁሉም በር ዘግቶ ይተኛል፣ አንቺና ድመቶቹ ብቻ ናችሁ። ከመንደሩ ወጣ ስትይ ሦስት የነፋስ ወፍጮዎች አሉ፣ ታድሰዋል። አየሩ ጥርት ያለ ከሆነ ከዚያ ሳሞስና ኢካርያ ይታያሉ።

ለእግር ጉዞ ከስካላ ወደ ኾራ በድንጋይ የተነጠፈውን የድሮ መንገድ ያዢ፣ ከአስፋልቱ የተለየ ነው፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ዳገት ነው ግን። ካስቴሊ ኮረብታ ላይ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው ከተማ ግንብ ፍራሽ አለ። ማታ ማታ ሰው የሌለበት፣ ወደቡን በሁለት በኩል የምታይበት ቦታ ነው። ትንሽ ውኃ ያዢ፣ ደሴቷ ደረቅ ናት፣ ምንጭ አታገኚም።

ማርታ ለንደን

ኦሪት፣ ሊፕሲንም ጨምሪ። ከስካላ ጠዋት ጀልባ ይሄዳል፣ ማታ ትመለሻለሽ። ከፍጥሞም ያነሰች ደሴት ናት፣ አንዲት መንደር፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ኦክቶፐስ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ሲደርቅ። ለክርስቲያኖቹ ደግሞ እዚያ አንድ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሥዕሏ ሕፃኑን አይደለም የያዘችው፣ የተሰቀለውን ልጇን ነው። በጸደይ የተቀመጠላት አበባ ደርቆ ከቆየ በኋላ ነሐሴ ላይ ለበዓሏ ያብባል ይላሉ። በዓሏ ኦገስት 23 ነው።

ሮቤል ዱባይ

ኤፌሶንንስ? ቱርክ ቅርብ ነው ብላችኋል። ዮሐንስ የኖረው ኤፌሶን አይደል፣ አንድ ላይ ማየት ይቻላል?

ዲያቆኑ ከአቴንስ

ይቻላል፣ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ከፍጥሞ ወደ ሳሞስ፣ ከሳሞስ በበጋው ወራት ኩሻዳሲ ወደምትባለው የቱርክ ከተማ ጀልባ አለ። ኤፌሶን ከዚያ ሩቅ አይደለም፣ የዮሐንስ መቃብር የነበረበት ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽም ሰልቹክ ውስጥ ነው። ቱርክ ግን ሸንገን አይደለችም፣ የራሷን ቪዛ ትጠይቅሃለች። ወደ ግሪክ ተመልሰህ ለመግባትም ሸንገንህ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ የሚያስገባ ከሆነ ጉዞህን ቱርክ ጨርስና ከኢስታንቡል ወይም ከኢዝሚር ወደ ዱባይ ብረር።

ወለተ ሚካኤል

ሕሊና አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ እኔም እናቴን ነው የምወስዳቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃው ይበዛል?

ሕሊና ከስቶክሆልም

ይበዛል፣ አልዋሽሽም። ዋሻው ጋ መኪና በር ድረስ ያደርሳል፣ ከዚያ ግን ወደ ታች ደረጃ ነው፣ ያው ተመልሶ መውጣትም አለ። ቀስ ብለው፣ እያረፉ፣ መደገፊያ ይዘው ከሆነ ይቻላል። የኛም እንደዚያ ነበር። ኾራ ላይ ታክሲው ወይም አውቶቡሱ መንደሩ ጫፍ ላይ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ ገዳሙ ድረስ ዳገትና ደረጃ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጊ። ዋሻውን በአንዱ ጠዋት፣ ገዳሙን በሌላው ጠዋት። ከሰዓት በኋላ የሚከፈቱት በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ ጠዋት ነው የሚያስተማምነው። ማረፊያውን ስካላ አድርጊው፣ ሜዳ ነው፣ ፋርማሲውም ገበያውም እዚያ ነው። ክፍሉ ምድር ቤት መሆኑን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ሊፍት ያለው ቤት ብዙ የለም። ታክሲ ደግሞ ደሴቷ ላይ ጥቂት ነው፣ መርከብ በሚገባበት ሰዓት ጭራሽ አይገኝም፣ ማታውኑ ለጠዋት ቅጠሪ።

ወለተ ሚካኤል

ተባረኪ። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ እንሄዳለን፣ የነሱ የዮሐንስ በዓል ሴፕቴምበር 26 ነው ብለውኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ የኛ መስቀል ዋዜማ ላይ ይውላል ማለት ነው። ማረፊያ ፈልጌ ዋጋውን እዚሁ እጽፋለሁ።